የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብልሽቶችና መንስኤያቸውን የመለየት ዘዴ

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው መኖሪያ ቤት ከሚገኙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል የሚወስደው ነው። በገበያ ላይ የተለመደው ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይፈልጋል። ይህም በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ማይክሮዌቭ ያለበት ቤት ቢሆን እንኳ ያ ዕቃ የሚወስደው ከምጣዱ ግማሽ በታች ነው። በዚህ ምክንያት በቤቱ ሽቦ፣ በሶኬቱ ወይም ከውጭ በሚመጣው መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ድካም ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው እንጀራ በሚጋገርበት ዕለት ነው። ተጠቃሚው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ምጣዱ ተበላሸ» ይላል።

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙ ከተሞች ይህ አባባል ዋጋ ያስከፍላል። የመለዋወጫ ዕቃ በስፋት የሚገኘው ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ጎንደር ነው። ሸክላው በመንገድ ላይ የመሰንጠቅ ዕድሉ ቀላል አይደለም፣ ምጣዱ እስኪመለስም ቤተሰቡ ወደ እንጨትና ኩበት ይመለሳል። ጭሱ የጋጋሪዋን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ እንጨቱም የሚለቀመው ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ፓርክ ዙሪያ ካለው አነስተኛ ደን ነው። ስለዚህ ምጣዱን ከማስፈታት በፊት ጉድለቱ ከውጭው መስመር፣ ከቤቱ ሽቦ ወይስ ከራሱ ከምጣዱ እንደመነጨ መለየት ይገባል። ይህን ለመለየት በአብዛኛው መሣሪያ አያስፈልግም።

የምጣዱ አሠራር

የኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጡ ውስብስብ አይደለም። ከሸክላው ሥር በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ከኒኬልና ከክሮሚየም ቅይጥ የተሠራ ጥቅልል ሽቦ ተዘርግቷል። ሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል፣ ሸክላውም ሙቀቱን ተቀብሎ ለሊጡ ያስተላልፋል። ከሽቦው በታች ሙቀት እንዳይባክን የሚከላከል ጀሶ ወይም ሌላ ነገር ይደረጋል፤ ሁሉም በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚህ ሌላ ያለው ገመድ፣ ስፒና፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አነስተኛ ጠቋሚ መብራትና በአንዳንዶቹ ላይ የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው። በዚህም የተነሳ ሊበላሹ የሚችሉት ክፍሎች ጥቂት ናቸው።

ምጣዱ ጨርሶ ሳይሞቅ ሲቀር

በቅድሚያ በቤቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖሩ ይረጋገጣል። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ በተገጠመበት ቤት የሒሳቡ ማለቅ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በተለይ ወርኃዊ ፍጆታው በአብዛኛው በምጣድ ላይ በሆነ ቤተሰብ ዘንድ ሒሳቡ የሚያልቀው በመጋገሪያው ዕለት ነው። አንድ ጊዜ ተኩል ሰዓት የፈጀ ጋገራ በ3,500 ዋት ምጣድ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቆጣሪው ሒሳብ ካለው ብሬከሩ ወይም በድሮው አጠራር ቫልቮላው ይታያል።

ቀጥሎ የምጣዱ ስፒና ተነቅሎ በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ዕቃ፣ ለምሳሌ የስልክ ቻርጀር ወይም መብራት ይሞከራል። እርሱም ካልሠራ ጉድለቱ ከሶኬቱ ወይም ከሶኬቱ መስመር ነው፤ ምጣዱን መፍታት አያስፈልግም። ሌላው ዕቃ የሚሠራ ከሆነ ግን የምጣዱ ጠቋሚ መብራት ይስተዋላል። መብራቱ በርቶ ሸክላው የማይሞቅ ከሆነ ኤሌክትሪኩ እስከ ምጣዱ ደርሷል ማለት ነውና የተቋረጠው የሸክላው ሽቦ ወይም የሙቀት መቆጣጠሪያው ሊሆን ይችላል። መብራቱም ካልበራ ገመዱ ወይም ስፒናው ይጠረጠራል። ይሁንና ጠቋሚ መብራት ራሱ ቶሎ ስለሚቃጠል በእርሱ ብቻ መወሰን አይቻልም።

ምጣዱ እየሞቀ እንጀራው አልበስል ሲል

ከሁሉም በላይ ተጠቃሚዎችን የሚያደናግረው ይህ ነው። ምጣዱ ይሞቃል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው እንጀራ ለመውጣት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ጀርባው ሳይደርቅ ይቀራል፣ ከሸክላው ላይም ይጣበቃል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሽቦው አርጅቷል ብሎ ይደመድማል። ዳሩ ግን የምጣድ ሽቦ ወይ ይሠራል ወይ ይበጠሳል እንጂ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ሦስተኛ ኃይሉን አያጣም። እንዲህ ያለ ድንገተኛ መቀዝቀዝ ሲኖር በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው የቮልቴጅ መውረድ ነው።

ቮልቴጅ ሲወርድ የምጣዱ ኃይል የሚቀንሰው በእኩል መጠን አይደለም፤ በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው። በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚሰጥ ምጣድ ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ 2,340 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። በ160 ቮልት ደግሞ ኃይሉ 1,850 ዋት ገደማ ይሆናል። ከዚህ ላይ በደጋው ቅዝቃዜ ሸክላው የሚያጣው ሙቀት ሲታከልበት ለእንጀራ የሚያስፈልገውን ሙቀት መያዝ ያቅተዋል። ቮልቴጁ 18 ከመቶ ብቻ ሲወርድ አንድ ሦስተኛው ኃይል የሚጠፋው በዚህ ስሌት ነው።

የቮልቴጅ መውረድ ከውጭ ይሁን ከቤት ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በቤቱ ውስጥ የድሮ ባለ ክር አምፖል ካለ ይበራል፤ አዳዲሶቹ የኤልኢዲ አምፖሎች ቮልቴጅ ቢወርድም ብርሃናቸውን ብዙ ስለማይቀንሱ ለዚህ አይሆኑም። አምፖሉ ምጣዱ ሳይሰካ ገና ከመጀመሪያው የደበዘዘ ከሆነ፣ የጎረቤቶች መብራትም እንዲሁ ከሆነ ችግሩ በአካባቢው መስመር ወይም በትራንስፎርመሩ ላይ ነው። አምፖሉ ደህና ሲበራ ቆይቶ ምጣዱ በተሰካ ቅጽበት ክፉኛ የሚደበዝዝ ከሆነና ጎረቤት ቤት ምንም ለውጥ ካልታየ ግን መንስኤው በቤቱ ቀጭን ሽቦ፣ በላላ ማያያዣ ወይም ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ባለው መስመር ላይ ነው። በጥቂቱ መደብዘዝ የተለመደ ነው።

የአካባቢው መስመር ከሆነ ሰዓት መቀየር ብቻውን ልዩነት ያመጣል። በበዓል ዋዜማ፣ በቅዳሜና በማታ ብዙ ቤት በአንድ ጊዜ ይጋግራል። በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ያሉ 20 ቤቶች ምጣዳቸውን በአንድነት ቢያበሩ 70,000 ዋት ይጠይቃሉ። ያው ምጣድ ረፋድ ላይ ወይም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በደንብ ከጋገረ ጤነኛ ነው፤ ለጥገና መውሰድም ከንቱ ወጪ ነው። ችግሩ ሰዓት ሳይለይ በየቀኑ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ጎረቤቶች በጋራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከታቸው አንድ ደንበኛ ብቻውን ከሚያመለክተው ይልቅ ጉዳዩ የመስመር እንጂ የቤት አለመሆኑን ግልጽ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ከኤሌክትሪክ ጋር ግንኙነት የሌለውን ምክንያት መለየትም ተገቢ ነው። ደባርቅና ዳባት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ እንደ አምቢኮ ያሉ የተራራ መንደሮች ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ። በዚህ ቅዝቃዜ ሊጥ ለመቡካት ከቆላው የበለጠ ቀናት ይፈልጋል። ያልቦካ ሊጥ ወይም አብሲቱ በወጉ ያልተዋሐደ ሊጥ ምጣዱ ምንም ያህል ቢግል ዓይን አያወጣም። እንጀራው ከሥሩ በሚገባ ደርቆ ዓይኑ ብቻ ከጠፋ የሚመረመረው ቡኮው ነው። ዓይኑ ወጥቶ ሥሩ ነጭና እርጥብ ከሆነ ግን ሙቀቱ ነው።

አዲስ ምጣድም በደንብ ካልተሟሸ እንጀራ ይይዛል። በጎመን ዘር ደጋግሞ አሽቶ ማሟሸት ለእንጨቱ ምጣድ እንደሚደረገው ሁሉ ለኤሌክትሪኩም ይደረጋል።

በአንድ ወገን ብቻ መብሰል

እንጀራው በአንድ በኩል እየከረረ በሌላ በኩል ጥሬ የሚሆን ከሆነ በመጀመሪያ ምጣዱ በተስተካከለ ቦታ ላይ መቀመጡ ይታያል። ያዘነበለ ምጣድ ሊጡን ወደ አንድ ወገን ስለሚሰበስብ ወፍራሙ ወገን ዘግይቶ ይበስላል። ምጣዱ ተስተካክሎ ሳለ ልዩነቱ ከቀጠለ የሽቦው ጥቅልል በአንድ ቦታ ተጠጋግቶ በሌላው ተሳስቦ፣ ወይም ሁለት ሽቦ ባለው ምጣድ ላይ አንደኛው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

የተበጠሰን ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ጠምዝዞ ማያያዝ በየሠፈሩ የሚደረግ ጥገና ነው። ሁለት ጉዳት አለው። ጠምዛዛው ቦታ ከሌላው ይልቅ ስለሚግል ዳግመኛ የሚበጠሰው እዚያው ነው። ከዚህም በላይ በእያንዳንዱ ጥገና ሽቦው እያጠረ ይሄዳል፤ ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው የተቀነሰ ሽቦ ከቀድሞው 11 ከመቶ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል። 16 አምፔር ይወስድ የነበረው ምጣድ ወደ 18 አምፔር ይጠጋል። ተጠቃሚው «አሁንማ ከድሮው በልጦ ይግላል» ብሎ ይደሰት ይሆናል፤ ነገር ግን ትርፉ ጭነት ያረፈው በሶኬቱና በግድግዳው ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ ነው። ሙሉ ሽቦውን መቀየር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ስፒናው ሲግል፣ ሶኬቱ ሲቀልጥ

የተለመደው የግድግዳ ሶኬት ቢበዛ 16 አምፔር እንዲሸከም የተሠራ ነው። ምጣዱ ይህን ልክ ይነካል ወይም ያልፋል፣ ያውም ለአንድ ሰዓት ተኩል ሳያቋርጥ። የሶኬቱ መንጋጋ ትንሽ እንኳ ከላላ በዚያች ጠባብ ቦታ ሙቀት ይከማቻል። የላላው መገናኛ ግማሽ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው በ16 አምፔር 128 ዋት ሙቀት ይፈጥራል፤ ይህም ሁለት የድሮ ባለ 60 ዋት አምፖሎች የሚሰጡት ሙቀት በአንድ የስፒና እግር ላይ ሲያርፍ ማለት ነው። የፕላስቲክ ሽታ፣ የጠቆረ የስፒና እግርና የቀለጠ ሶኬት የዚህ ምልክቶች ናቸው።

በመጋገር መካከል ስፒናውን በእጅ ጀርባ መንካት ጥሩ ልማድ ነው፤ ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅ የማያስነካ ከሆነ ግን ምጣዱ ወዲያው ይጠፋል። የጠቆረውን ስፒና በአሸዋ ወረቀት ፍቆ መልሶ መጠቀም ችግሩን አያስወግድም። ስፒናውና ሶኬቱ በአንድነት መቀየር አለባቸው፤ አሮጌ ሶኬት አዲሱን ስፒና፣ አሮጌ ስፒናም አዲሱን ሶኬት ያበላሻል።

ምጣድን በዲቫይደር ላይ መሰካት በፍጹም የተከለከለ ሊሆን ይገባል። ርካሽ ዲቫይደሮች ውስጣቸው ያለው ሽቦ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር እንጂ ለ16 አምፔር አይበቃም። በናስትሮ የተያያዘ ገመድም እንደዚሁ ነው። ለምጣድ ከብሬከር ሣጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና የራሱ ብሬከር ቢኖረው ይመረጣል። ቤት በሚሠራበት ጊዜ ይህን ማካተት ግድግዳ ከተለሰነ በኋላ ከመፈልፈል እጅግ ይረክሳል።

ብሬከር ሲወርድ

ብሬከሩ የወረደበት ጊዜ ብዙ ይናገራል። ስፒናው በተሰካ ቅጽበት ከወረደ በምጣዱ ወይም በገመዱ ውስጥ ሁለት ሽቦ ተገናኝቷል፤ ደጋግሞ መሞከር አይገባም። ከ10 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚወርድ ከሆነ ግን መስመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል፤ በዚያው መስመር ላይ ያለው ምድጃ፣ ካውያ ወይም የውሃ ማሞቂያ ጠፍቶ እንደገና ይሞከራል። ምጣዱ ብቻውን ሆኖም ከወረደ የብሬከሩ ማያያዣ ላልቶ ወይም ብሬከሩ ራሱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል።

ብሬከሩን በትልቅ መቀየር ወይም በቫልቮላው ፋንታ የመዳብ ሽቦ ማሰር ጉዳዩን የፈታ ይመስላል። በእውነቱ ከዚያ ወዲያ የሚቃጠለው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። በጭቃና በእንጨት በተሠሩ ቤቶች ደግሞ ይህ ቃጠሎ ከመታየቱ በፊት ሥር ይሰድዳል።

ምጣዱ ሲነዝር

ምጣድ በምንም መልኩ፣ በጥቂቱም ቢሆን ከነዘረ ወዲያውኑ ከአገልግሎት ውጭ መሆን አለበት። ሌሎቹ ብልሽቶች ገንዘብ ያስወጣሉ፤ ይህኛው ግን ሕይወት ያጠፋል።

የሚነዝርበት ምክንያት ኤሌክትሪኩ ከሽቦው ወጥቶ ወደ ቆርቆሮው ወይም ወደ እርጥቡ ሸክላ ስለሚደርስ ነው። በክረምት ወለል ላይ ተቀምጦ የከረመ ምጣድ ጀሶው እርጥበት ይስባል። የተሰነጠቀ ሸክላ ላይ ሊጥ ሲፈስ ወደ ሽቦው ይሰርጋል። ገመዱ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተልጦ ሊሆንም ይችላል። ጋጋሪዋ እጇ በሊጥ የራሰ፣ እግሯ በእርጥብ መሬት ላይ ያረፈ እንደመሆኑ ሰውነቷ ኤሌክትሪኩን በቀላሉ ያሳልፋል።

በብዙ ቤቶች ምጣዱ ሲነዝር ስፒናውን ገልብጦ መሰካት ይለመዳል፤ ንዝረቱም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ይህ ጥገና አይደለም። የሆነው ነገር ፌዝና ኒውትራል ቦታ መለዋወጣቸው ብቻ ነው፤ የተበላሸው ቦታ እንዳለ ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ስፒናውን በሌላ በኩል ሲሰካው እንደገና ይነዝራል። የላስቲክ ጫማ ማድረግም ሆነ ጣውላ ላይ መቆም መፍትሔ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

እውነተኛው መከላከያ የመሬት መስመር ነው። ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ፣ የመሬት መገናኛ ያለው ስፒናና ሶኬት፣ በመጨረሻም በግቢው መሬት ውስጥ በጥልቀት የተቀበረ ዘንግ ያስፈልጋል። በሰሜን ደጋ ድንጋያማ መሬት ዘንጉ በበጋ በደረቅ አፈር ተከብቦ ውጤቱ ሊደክም ስለሚችል ባለሙያ በመለኪያ ሊያረጋግጠው ይገባል። ከዚህ ጋር በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር ቢገጠም ሰው ከመጎዳቱ በፊት መስመሩን ያቋርጣል። እንዲህ ያለው ብሬከር ምጣዱ በተሰካ ቁጥር የሚቆርጥ ከሆነ ጥፋቱ የምጣዱ ነውና ብሬከሩን ማስወገድ አይገባም።

ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ በእጅ መንካት ክልክል ነው። ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይጠፋል፤ ይህ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ከሽቦው ይለያል። ተጎጂው ደህና ነኝ ቢልም የልብ ምት መዛባት ዘግይቶ ሊታይ ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

መብራት ሲጠፋ ምጣዱ ከሶኬቱ ሊነቀል ይገባል። ሲመለስ ሁሉም ቤት ተሰክቶ የቆየ ከሆነ መስመሩ በአንድ ጊዜ ይጫናል፤ ቮልቴጁም ይዋዥቃል። ምጣዱ ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት በርቶ መገኘቱም የቃጠሎ ምክንያት ይሆናል።

አንድ ምልክት ለብቻው መታወቅ አለበት። አምፖሎች በድንገት ከልክ በላይ ቦግ ካሉ ወይም በአንድ ክፍል ቦግ ብለው በሌላው ከደበዘዙ የኒውትራል መስመር ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ወዲያው ጠፍቶ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል በ905 ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ማይክሮዌቭ ባለበት ቤት

ከላይ ስለ ሶኬት፣ ስለ ቮልቴጅና ስለ ብሬከር የተገለጸው ለማይክሮዌቭም ያገለግላል፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ማይክሮዌቭም እየዞረ ምግቡን ሳያሞቅ ሊቀር ይችላል። ልዩነቱ ከውስጥ ነው። የምጣድን ሽፋን ስፒናው ተነቅሎ መፍታት ይቻላል። ማይክሮዌቭ ግን ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያለው ካፓሲተር ገዳይ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም ሊከፍተው አይገባም።

ወደ ባለሙያ ሲኬድ

ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው መስመርና ቆጣሪው ራሱ የአገልግሎቱ ኃላፊነት ነው፤ የቆጣሪውን ማሸጊያ መንካት ያስጠይቃል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የደንበኛው ነው፤ ለዚህ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ያለውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ መምረጥ ይገባል። ወደ 905 ሲደወል የቆጣሪው ቁጥር፣ የቀበሌው ስም፣ ችግሩ የታየበት ሰዓትና ጎረቤቶች መጎዳት አለመጎዳታቸው አስቀድሞ ቢታወቅ ሠራተኛው ጉዳዩን በቶሎ ይለያል።

ምጣዱ ተጠግኖ ሲመለስ ተጠቃሚው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጠጋኙ በመልቲሜትር ሁለት ነገር እንዲያሳይ መጠየቅ ይችላል። በሁለቱ የስፒና እግሮች መካከል ያለው ተቃውሞ ከ12 እስከ 14 ኦም ሊሆን ይገባል፤ ከዚያ እጅግ ያነሰ ከሆነ ሽቦው አጥሯል። በየትኛውም እግርና በቆርቆሮው መካከል ደግሞ መለኪያው ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም።